ቱሪስት አይደለሁም ብሎ መፈረም፦ በኩባ ላይ ስለ ተጻፉ የቱሪዝም ጥናቶች የአንድ ሐኪም ትዝብት

፩

በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሃቫና ለመመለስ ማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ። በቅጹ ላይ አሥራ ሁለት የጉዞ ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ የቤተሰብ ጥየቃ፣ ጋዜጠኝነት፣ የሙያ ጥናት፣ የሃይማኖት ጉዳይ፣ ለኩባ ሕዝብ ድጋፍ፣ ወዘተርፈ። ተጓዡ ከነዚህ አንዱን መርጦ መፈረም አለበት። «ለሽርሽር» የሚል ምርጫ የለም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 ባወጣው ሕግ ዘግቶታል። እኔ የማርፈው በቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት ስለ ነበር «ለኩባ ሕዝብ ድጋፍ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምሁ። ከዚያም እዚያው አጠገብ ኩባ ለመግባት የሚያስፈልገውን ሮዝ ወረቀት ገዛሁ። በወረቀቱ ላይ በስፓኒሽ «የቱሪስት ካርድ» ይላል።

እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት፣ ለአንዱ መንግሥት ቱሪስት አለመሆኔን በፊርማዬ አረጋገጥሁ፤ ለሌላው መንግሥት ቱሪስት መሆኔን ገንዘብ ከፍዬ አስመሰከርሁ። በአሜሪካ ሕግ ዓይን በዚያ ዓመት አንድም አሜሪካዊ ለሽርሽር ወደ ኩባ አልሄደም። በኩባ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ግን ከ600,000 የሚበልጡ ከአሜሪካ የመጡ ጎብኚዎች ተቈጥረዋል። ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ።

ይህን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። ማዕቀብ በተጣለበት አገር ላይ የሚደረግ ጥናት መጀመሪያ የሚታመመው በቃላቱ ነው። አሜሪካውያን ነገሩን «ኢምባርጎ» ይሉታል፤ ንግድን መከልከል እንደ ማለት ነው። ኩባውያን «ብሎኬዮ» ይሉታል፤ ከበባ ማለት ነው። ተመራማሪው ገና ርእሱን ሲጽፍ ከሁለቱ አንዱን ቃል መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ቃሉን ሲመርጥ ደግሞ አንባቢው ወገኑን እንደ መረጠ ይቈጥርበታል። «ቱሪስት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። የሚለካው ነገር ስሙ ካልታወቀ መለኪያው ምን ሊነግረን ይችላል?

እኔ የቱሪዝም ምሁር አይደለሁም፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ኩባ ከተቀበለቻቸው በሺህ ከሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበርሁ። በ1979 እዚያ ስደርስ ዕድሜዬ አሥራ አንድ ነበር። የወጣቶች ደሴት በምትባለው ምድር፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ቀን እየተማርን ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ እየሠራን አደግን። ሕክምናን ሃቫና ተምሬ በ1993 ተመረቅሁ። በ1991 ወደ ኩባ የላከን መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቻችን እዚያው ባሕር ማዶ ቀረን፤ የምንመለስበት አገር መንግሥቱ ተለውጦ፣ የምንኖርበት አገር ደግሞ ዳቦው አልቆበት ነበር። በ1995 ከኩባ ወጥቼ፣ ጥቂት ዓመት በስፔን ቈይቼ፣ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ እኖራለሁ።

የቱሪዝም ጥናቶችን ማንበብ የጀመርሁት ከ2018ቱ ጉዞ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ነው። በሕክምና ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር በአንድ አስከሬን ላይ አናቶሚ የተማረው፣ ከክፍላችን ሁሉ የተሻለው ጓደኛዬ፣ ሙያውን ትቶ ሁለት የመኝታ ክፍሎቹን ለውጭ አገር እንግዳ እያከራየ ሲኖር አገኘሁት። ለምን እንደ ተወው ብጠይቀው «ሒሳቡን ሠራሁት» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ያ ሒሳብ በምሁራኑ ጽሑፍ ውስጥ የት ገጽ ላይ እንደ ተጻፈ ለማየት ፈለግሁ።

፪

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ከአብዮቱ በፊት፣ በ1957፣ ወደ 270,000 የሚጠጉ ጎብኚዎች ኩባን አይተዋል፤ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በፌብሩዋሪ 1962 ንግዱን ሙሉ በሙሉ ሲዘጉት ኢንዱስትሪው ለረጅም ጊዜ ተኛ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የኩባ ኢኮኖሚ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሶ ያህሉን አጣ፤ አብዮቱ የቁማርና የዝሙት አዳሪነት ውርስ ብሎ ሲጠየፈው የኖረው ቱሪዝም ብቸኛው የዶላር በር ሆኖ ቀረበ። ከስፔን ኩባንያ ጋር በሽርክና የተሠራው የመጀመሪያው ሆቴል፣ ሶል ፓልሜራስ፣ በ1990 በቫራዴሮ ተከፈተ። በ1993 ዜጎች ዶላር እንዲይዙ ተፈቀደ፤ በ1994 የቱሪዝም ሚኒስቴር ተቋቋመ። የጎብኚው ቍጥር በ1996 አንድ ሚሊዮን፣ በ2004 ሁለት ሚሊዮን፣ በ2014 ሦስት ሚሊዮን፣ በ2016 አራት ሚሊዮን ደረሰ። አሜሪካ ደግሞ በ1992 እና በ1996 ባወጣቻቸው ሁለት ሕጎች ማዕቀቡን አጠበቀችው።

የመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች ኢኮኖሚስቶች ነበሩ። በሃቫና የኤቫሪስቶ ቪያልባ ጋሪዶ «ኩባና ቱሪዝም» በ1993 ታተመ፤ ሚጌል አሌሃንድሮ ፊጌራስ ደግሞ ቱሪዝም ሌሎቹን ኢንዱስትሪዎች እንዴት ሊጎትት እንደሚችል ጻፈ። ከደሴቲቱ ውጭ ማሪያ ዶሎሬስ ኤስፒኖ በተከታታይ ጽሑፎቿ ጠንካራ ጥያቄ አነሣች፤ ይኸውም ገባ ከሚባለው ዶላር ውስጥ ምን ያህሉ ተመልሶ ይወጣል የሚል ነው። ለሆቴሉ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ፎጣው፣ የአየር ማቀዝቀዣው ከውጭ ከተገዛ፣ ሥራ አስኪያጁ ኩባንያም ድርሻውን ከወሰደ፣ ለአገሩ የሚቀረው ስንት ነው? ለአንድ ሐኪም ይህ ሙግት ቶሎ ይገባዋል። በሽተኛው የጠጣው ውሃ ሌላ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው። የገባውን ብቻ መዝግቦ የወጣውን የማይመዘግብ ነርስ እኛ ዘንድ ይገሠጻል።

የነዚህን ሰዎች ሥራ አከብራለሁ። ጥያቄአቸው ከሠላሳ ዓመት በኋላም አላረጀም። ጉድለታቸው ግን «አገር» የሚሉትን ነገር አንድ ኪስ ብቻ ያለው ሰው አድርገው ማየታቸው ነው። ዶላሩ ኩባ ውስጥ ቀረ ከተባለ በኋላ በማን እጅ እንደ ቀረ አልጠየቁም። በ1994 በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ከ100 ፔሶ በላይ ይመነዘር ነበር። የአንድ ወጣት ሐኪም የወር ደመወዝ እንግዲህ ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። ሻንጣ ተሸካሚው በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉርሻ ብቻ ያንን ያገኛል። ኩባውያን ይህን «የተገለበጠው ፒራሚድ» ብለው ሰየሙት። ስያሜው ከመንገድ ወጥቶ ወደ መሪዎቹ ንግግር ሲገባ፣ የሆቴል ገቢን በሚያሰላው ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም።

፫

ከ2000 ወዲህ በደሴቲቱ ውስጥ የቱሪዝም ጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። የሃቫና ዩኒቨርሲቲ የቱሪዝም ፋኩልቲ አለው፤ ከቫራዴሮ ጎን የሚገኘው የማታንሳስ ዩኒቨርሲቲ «ሬቶስ ቱሪስቲኮስ» የተባለ መጽሔት ያወጣል። በነዚህ ገጾች የሚበዛው ምንድን ነው? የአገልግሎት ጥራት፣ የደንበኛ እርካታ፣ የሠራተኛ አያያዝ፣ የአዲስ ምርት ንድፍ፣ የአካባቢ ጥበቃ ነው። በ1988 አሜሪካ ውስጥ የተነደፈው «ሰርቭኳል» የተባለው የአገልግሎት ጥራት መጠይቅ ከብዙዎቹ ጽሑፎች ውስጥ አይጠፋም። የአሜሪካ አስፕሪን ያለ ልዩ ፈቃድ የማይገባበት ደሴት የአሜሪካ መጠይቅ ያለ ቀረጥ ገብቶ ተስፋፋበት።

በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የካናዳው እንግዳ ስለ ትራሱ፣ ስለ ቍርሱ፣ ስለ አስተናጋጁ ፈገግታ ይጠየቃል። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጠዋል፤ በጥንቃቄም ይሰላል። ቍርሱን ያቀረበችው ሴት ግን ቤቷ ለልጆቿ ምን እንዳቀረበች የሚጠይቅ መጠይቅ አላገኘሁም። እስከ ማርች 2008 ድረስ ኩባዊ ዜጋ በነዚህ ሆቴሎች እንግዳ ሆኖ ማደር አይችልም ነበር። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ከአገልግሎት ጥራት ጥናት ውጭ እንዴት ይቀራል? ባለቤቱ የማይገባበት ቤት ጥራቱ ስንት ነው?

ሆኖም ፈራጅ ሆኖ መቆም ቀላል ነው፤ እኔም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ተምሬአለሁና ምን ሊጻፍ ምን ሊታለፍ እንደሚገባ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር። በ2016 የኢኮኖሚ ምሁሩ ኦማር ኤቨርሌኒ ፔሬስ ከሃቫና ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማእከል ተባረረ፤ ከተሰነዘሩበት ክሶች አንዱ ያለ ፈቃድ ለውጭ ሰዎች መረጃ ሰጥቷል የሚል ነበር። ከሆቴል ክፍሎቹ ብዙውን የያዘው ጋቪዮታ ደግሞ የጦር ኃይሉ ድርጅት ነው፤ ሒሳቡ ለተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርብ አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለ ትራስ መጠየቅ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሥራን የማቆያ ዘዴም ነው። በመስመሮቹ መካከል ማንበብ ለሚችል ሰው ደግሞ ብዙ ነገር አለ። «የግብዓት አቅርቦት አለመረጋጋት» የሚል ሐረግ ሳይ ገበያው ውስጥ እንቍላል የጠፋበትን ወር አያለሁ።

ከውጭ የመጣውም መዝጊያ ቀላል አልነበረም። በ2003 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ማዕቀብ ከተጣለበት አገር የመጣን ጽሑፍ ማረምና ማስተካከል «አገልግሎት መስጠት» ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል አለ። ክርክር ከተነሣ በኋላ በዲሴምበር 2004 አጠቃላይ ፈቃድ ሰጥቶ መንገዱን ከፈተው። የኢራንም፣ የሱዳንም፣ የኩባም ምሁራን በዚያ ዓመት ነጠላ ሰረዝ ማስተካከል ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ተማሩ። በዚያው 2004 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለአጭር ጊዜ ተማሪ ወደ ኩባ መላክ ተከለከሉ፤ በ2006 ደግሞ የፍሎሪዳ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ገንዘብ ለእንዲህ ያለ ጉዞ እንዳይውል በሕግ አገደች። ኩባን ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው የፍሎሪዳ ምሁርነት ደሴቲቱን ከባሕሩ ወዲህ ሆና እንድታጠና ተፈረደባት።

፬

ከውጭ የመጡት አጥኚዎች በአመዛኙ የታሪክና የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ሦስቱን ልጥቀስ። ሮዛሊ ሽዋርትዝ በ1997 ባሳተመችው «የተድላ ደሴት» በተባለ መጽሐፍ የሃቫናን የቁማርና የሽርሽር ዘመን፣ ከዚያም ቱሪዝሙ ከአብዮቱ በኋላ እንዴት እንደ ተመለሰ አሳየች። አማሊያ ካቤሳስ በ2009 ባሳተመችው መጽሐፏ ኩባንና ዶሚኒካን ሪፐብሊክን አነጻጽራ፣ በሆቴልና በመንገድ ላይ የሚፈጠረውን የፍቅርና የገንዘብ ቅይጥ «ዝሙት አዳሪነት» በሚል አንድ ቃል መዝጋት ስሕተት መሆኑን አስረዳች። ቫሌሪዮ ሲሞኒ በ2016 ባወጣው ሥራ በሃቫናና በቪንያሌስ መንገዶች ላይ ተቀምጦ፣ ሲጋራ ሻጩ፣ ዳንስ አስተማሪውና ቱሪስቱ እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠራጠሩና እንደሚዋደዱ በትዕግሥት መዘገበ።

እነዚህን ሳነብ ያደግሁበትን መንገድ አወቅሁት። ሰዎቹ ሰው ናቸው፤ ይዋሻሉ፣ ያፍራሉ፣ ይስቃሉ። በመጠይቁ ውስጥ የጠፋው ባለቤት እዚህ ተገኘ። ይሁን እንጂ ቅሬታ አለኝ፤ የተገኘው በመንገድ ዳር ብቻ ነው። አጥኚው እንደ እንግዳ ስለገባ የሚያገኘው እንግዳ የሚያገኘውን ሰው ነው። ቱሪስት አጠገብ ያልደረሰው ኩባዊ፣ ማለትም አብዛኛው፣ ከታሪኩ ውጭ ይቀራል። በገጠር ክሊኒክ በሽተኛ እያየች የቀረችው ሐኪም ለቱሪዝም ጥናት ርእስ አይደለችም። ነገር ግን ቱሪዝሙ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው የእሷን ሕይወት ነው፤ ባልደረቦቿ ሄደው የሥራ ሰዓቷ እጥፍ ሆኗልና። የአንድ መድኃኒት ጉዳት መድኃኒቱን በወሰደው ላይ ብቻ አይፈለግም።

የሕክምና ቱሪዝምን ባነሣ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይታያል። ኩባ «ሰርቪሜድ» በተባለ ድርጅት አማካይነት ለውጭ ሰዎች በዶላር ሕክምና ስትሸጥ ኖራለች፤ በሃቫና የሚገኘው ሲራ ጋርሲያ ክሊኒክ ለውጭ ዜጎች የተመደበ ነው። ጥናቶቹ ይህን እንደ ታላቅ ዕድል ያቀርቡታል፤ የሰለጠነ የሰው ኃይል አለ፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ገቢው ለሕዝብ ጤና ይውላል። የመጨረሻው ነጥብ ዋዛ አይደለም፤ እኔን በነጻ ያስተማረኝ ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት ነበረበት። ነገር ግን በ1993 ተለማማጅ ሐኪም ሆኜ በሠራሁበት ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ጓንት አጥበን ደግመን እንጠቀም ነበር። አንዲት አሮጊት አንሶላዋንና አምፑሏን ከቤቷ ይዛ መጥታ አስተኝቻታለሁ። ስለ ሕክምና ቱሪዝም የሚጽፍ ሰው በአንዱ በር የሚገባውንና በሌላው በር የሚጠብቀውን በአንድ ሠንጠረዥ ካላስቀመጠ፣ የጻፈው ማስታወቂያ ነው።

፭

በዲሴምበር 2014 ኦባማና ራውል ካስትሮ ግንኙነታቸውን ለማደስ መወሰናቸውን ሲያስታውቁ ጥናቱ ወደ ትንቢት አዘነበለ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያ ራፋኤል ሮሜው በ2008 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሩ ቢከፈት አሜሪካውያን ወደ ኩባ ሲጎርፉ ካሪቢያን እንዴት እንደሚለወጥ አስልቶ ነበር፤ ከ2014 በኋላ እንዲህ ያለው ስሌት በረከተ። በሜይ 2016 የመጀመሪያው የአሜሪካ የሽርሽር መርከብ ሃቫና ደረሰ። በኦገስት መደበኛ በረራ ተጀመረ። ከዚያ በ2017 ክልከላው ተመለሰ፤ በጁን 2019 መርከቦቹ ተከለከሉ። በጃንዋሪ 2021 ኩባ ሽብርን ይደግፋሉ በተባሉ አገሮች መዝገብ ላይ ስትመለስ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ኩባን የጎበኘ አውሮፓዊ ያለ ቪዛ አሜሪካ የመግባት መብቱን አጣ። በጃንዋሪ 2025 ባይደን ከመዝገቡ ሊሠርዟት መወሰናቸውን አስታወቁ፤ ትራምፕ በሳምንት ውስጥ ውሳኔውን ሻሩት። ትንቢቶቹ ሁሉ የረሱት ማዕቀብ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚቀር አለመሆኑን ነው። እንደ ወባ ይመላለሳል።

በዚህ ዘመን ከወጡት ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ የሲያማክ ሰይፊና የማይክል ሆል «ቱሪዝም፣ ማዕቀብና አድማ» ነው። ሁለቱ ምሁራን ከኢራን ተነሥተው ኩባንና ሌሎችንም አገሮች በአንድ ላይ በማየት፣ ማዕቀብን ከበስተ ጀርባ እንዳለ ጭጋግ ሳይሆን ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ አድርገው አቀረቡት። ጉዞ የማዕቀብ ሰለባም መሣሪያም እንደሚሆን አሳዩ። የቀረው ሥራ ምክንያትን ከምክንያት መለየት ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ የሐኪም ሥራ ይመስላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከ1991 እስከ 1993 ከ50,000 የሚበልጡ ኩባውያን በዓይንና በእግር ነርቭ በሽታ ተጠቁ። ተማሪ ሳለሁ ቀለም መለየት ያቃታቸውን ሰዎች በየዕለቱ አይቻለሁ። በሽታው የፖለቲካ ዕዳ ነበረው፤ አንዱ ወገን «ከበባው ነው» ለማለት፣ ሌላው «ሥርዓቱ ነው» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። የኩባና የአሜሪካ ሐኪሞች ግን በፒናር ዴል ሪዮ የታመመውን ካልታመመው ጋር አስተያዩ። ውጤቱ በ1995 በታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ ትምባሆ በተለይም ሲጋር አደጋውን ጨምሯል፣ በቪታሚን የበለጸገ ምግብ ቀንሶታል የሚል ነበር። አስቀድሞ ለሕዝቡ ሁሉ ቪታሚን ታድሎ ስለ ነበር ወረርሽኙ በረደ። የምግቡ እጥረት ከየት መጣ የሚለው ክርክር ቀጠለ፤ የሰዎቹ ዓይን ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም።

በቱሪዝሙ ላይ እንዲህ ያለ ማስተያየት እምብዛም አይታይም። በ2018 ጎብኚው ወደ 4.7 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ በ2023 ወደ 2.4 ሚሊዮን፣ በ2024 ወደ 2.2 ሚሊዮን ወረደ። በደሴቲቱ የሚጻፈው ጥፋቱን ለማዕቀቡና ለኮሮና ይሰጣል። በማያሚ የሚጻፈው ለሥርዓቱ ይሰጣል። ጎረቤቲቱ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያው ኮሮና አግኝቷት በ2023 መርከበኛውን ጨምሮ ከአሥር ሚሊዮን በላይ እንግዳ ተቀብላለች፤ እንግዲህ ኮሮና ብቻውን አይበቃም። ማዕቀቡስ? መርከቦቹ በአንድ ሌሊት መቅረታቸው የማንም ሌላ ሥራ አይደለም፤ የአውሮፓዊው ስጋትም እውነት ነው። ነገር ግን በ2023 እና በ2024 በራሱ በኩባ መንግሥት ስታትስቲክስ ከአራት የሆቴል ክፍሎች ሦስቱ ገደማ ባዶ ሆነው ሳለ ሆቴል መገንባቱ አልቆመም። በኦክቶበር 2024 የአገሪቱ የመብራት መረብ በሙሉ ወደቀ፤ በ2025 በሃቫና መካከል 42 ፎቅ ያለው ሆቴል በሩን ከፈተ። ይህን ሆቴል ዋሽንግተን አላዘዘችም። እንደ ፔድሮ ሞንሪያል ያሉ ኢኮኖሚስቶች የመንግሥቱን የኢንቨስትመንት ሠንጠረዥ እያወጡ ለሆቴልና ለሕንፃ የሚፈሰውን ለእርሻና ለጤና ከሚመደበው ጥቂት ጋር ሲያነጻጽሩ ቈይተዋል፤ ጩኸታቸው ግን በቱሪዝም መጽሔቶቹ ውስጥ እምብዛም አይሰማም።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ማዕቀብ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ለእኔ የከፋው ለሁሉም ወገን መደበቂያ መሆኑ ነው። ጣዩ የሕዝቡን ረሃብ ከመሪዎቹ ጥፋት በስተ ጀርባ ይደብቃል። የተጣለበት መንግሥት ጥፋቱን ከማዕቀቡ በስተ ጀርባ ይደብቃል። ምሁሩም ከሁለቱ በአንዱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የትራስ ጥራት ይለካል።

፮

ለእኛ ለስደተኞች ከሁሉ የሚቀርበውን ጉዳይ ወደ መጨረሻ አቈይቻለሁ። በኩባ የጎብኚዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ከካናዳ ቀጥሎ ትልቁን ቦታ ከያዙት አንዱ «በውጭ የሚኖረው የኩባ ማኅበረሰብ» የሚለው ረድፍ ነው። ከማያሚ ወይም ከማድሪድ እናቱን ለመቅበር የሄደ ኩባዊ በመዝገቡ ላይ ጎብኚ ነው። ይህ የኩባ ብልሃት አይደለም፤ በዓለም አቀፉ ደንብ ከሚኖርበት አገር ውጭ ከዓመት ላነሰ ጊዜ ለሥራ ቅጥር ሳይሆን የሄደ ሁሉ፣ የትውልድ አገሩም ቢሆን፣ ጎብኚ ተብሎ ይቈጠራል።

እኛም በዚያው ሚዛን ላይ ነን። ኢትዮጵያ በ2007 ሚሌኒየሟን ስታከብር አገር ቤት የገባን ሁሉ በዚህ ደንብ ጎብኚዎች ነበርን። አሜሪካ በሴፕቴምበር 2021 የማዕቀብ ትእዛዝ አውጥታ፣ ከጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ አንሥቶም ኢትዮጵያን ከአጎዋ ባስወጣችበት ሰሞን፣ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና እንዲገባ ጥሪ ተደረገ። የሄዱም ያልሄዱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ እዚህ አልገባበትም። የምጠይቀው የአጥኚውን ጥያቄ ነው። ያ እንግዳ ሲቈጠር ምኑ ተቈጠረ? ሆቴል ያደረበት ሌሊት ይቈጠራል። በሻንጣው የያዘው የእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለወንድሙ ልጅ የከፈለው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በለቅሶ ቤት ያስቀመጠው ብር የት ይመዘገባል? ኩባ በጁላይ 2021 ከተነሣው ተቃውሞ በኋላ ተጓዥ በሻንጣው ምግብና መድኃኒት ያለ ቀረጥ እንዲያስገባ ፈቀደች። ሻንጣው ሕዝብ ሲያክም የሆቴል ክፍሉ ባዶውን ነበር፤ ጥናቱ ግን ክፍሉን ይቈጥራል።

ስለዚህ ወደፊት ስለዚህ ጉዳይ ለሚጽፍ ወጣት፣ ኩባዊም ሆነ ኢትዮጵያዊ፣ ሦስት ነገር እለምነዋለሁ። እንግዳውን እንደ ጠየቅህ ባለቤቱንም ጠይቅ። የገባውን እንደ መዘገብህ የወጣውንና በማን እጅ እንደ ቀረ መዝግብ። ማዕቀቡን ምክንያት ነው ከማለትህ በፊት ማዕቀብ ከሌለበት ጎረቤት ጋር አስተያይ፤ ምክንያት አይደለም ከማለትህ በፊትም እንዲሁ አድርግ።

በ2018 ሃቫና በደረስሁ ምሽት ጓደኛዬ ቡና አፍልቶ ከጠጣን በኋላ አንድ ትልቅ መዝገብ አወጣ። ቤት የሚያከራይ ሁሉ የእንግዳውን ስም መዝግቦ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። ፓስፖርቴን ተቀብሎ ይጽፍ ጀመር፤ ዜግነት አሜሪካዊ፣ የትውልድ አገር ኢትዮጵያ። ጽሕፈቱ ዛሬም የሐኪም ጽሕፈት ነው፤ አይነበብም። የጉዞ ምክንያት ከሚለው ረድፍ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ምንም ሳይጠይቀኝ «ቱሪዝም» ብሎ ጻፈና እንድፈርም መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። ፈረምሁ።